«ግራኝ ነው» ተብሎ የታለፈው እጅ፦ በወሊድ አካባቢ የሚደርስ ስትሮክ ከየት ይመጣል?

በየዓመቱ ጥቅምት 19 ቀን የዓለም የስትሮክ ቀን ሲታሰብ በየሬዲዮው የሚሰማው ምክር ለጎልማሶችና ለአረጋውያን ነው። ደም ግፊታችሁን ተለኩ፣ ጨው ቀንሱ፣ ሲጋራ አቁሙ ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው። ሆኖም ስትሮክን ከሽበት ጋር ብቻ አያይዞ ስለሚያስቀረው፣ አንድ ቤተሰብ «ልጃችሁ ሲወለድ ወይም ከመወለዱ በፊት ስትሮክ ደርሶበታል» ሲባል ቃሉን ከሕፃኑ ጋር ማገናኘት ያቅተዋል። ከድንጋጤው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ማን ምን አድርጎት ነው?» የሚል ነው። አንዱ አዋላጇን ይወቅሳል፤ ሌላው በምጥ ማፋጠኛው መርፌ ያመካኛል። እናት ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ያነሳችውን ዕቃ፣ የጾመችውን ጾም፣ የተናደደችበትን ቀን እየቆጠረች ራሷን ትከሳለች።

በዚህ ዕድሜ የሚደርስ ስትሮክ በአብዛኛው የአንድ ሰው ጥፋትም ሆነ የአንድ ምክንያት ውጤት አይደለም። ብዙ ነገሮች በአንድ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ሲገጣጠሙ የሚፈጠር ነው። እነዚያ ነገሮች ምን እንደሆኑ ማወቅ እናትን ከማይገባት ጸጸት ያወጣታል፤ ጤና ባለሙያውም የትኛው ላይ እጁን ማሳረፍ እንደሚችል ያሳየዋል።

ስሙ ምን ይዟል?

ስትሮክ ማለት ለአንጎል ደም የሚያደርስ ወይም ከአንጎል ደም የሚመልስ ሥር ሲዘጋ፣ ወይም ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ፣ በዚያ አካባቢ ያለው የአንጎል ክፍል መጎዳቱ ነው። በወሊድ አካባቢ የሚደርስ የሚባለው ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት ጀምሮ ሕፃኑ ከተወለደ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የደረሰው ነው። ጊዜው ይህን ያህል ሰፋ ተደርጎ የተከለለው ጉዳቱ በማህፀን ውስጥ ይሁን፣ በምጥ ላይ ይሁን፣ ወይስ በአራስነት፣ ቀኑን ቆርጦ መናገር ብዙ ጊዜ ስለማይቻል ነው።

መልኩ ሦስት ነው። በብዛት የሚታየው ደም ወደ አንጎል የሚወስድ ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ሁለተኛው ደም ከአንጎል የሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ደም ሲረጋ ነው፤ የቧንቧ መውረጃ ሲደፈን ውሃው ወደ ላይ እንደሚተኛ ሁሉ፣ መውጫ ያጣው ደም የአንጎልን ሕዋስ ያሳብጣል፣ አንዳንዴም ይፈስሳል። ሦስተኛው በቀጥታ ደም መፍሰስ ነው።

እዚህ ላይ በሕዝብም በአንዳንድ ባለሙያዎችም ዘንድ የሚደበላለቅ ነገር አለ። «ልጁ ታፍኖ ተወለደ» የሚባለው የኦክስጅን እጥረት ከስትሮክ የተለየ ነው። መታፈን መላውን አንጎል፣ ብዙ ጊዜም ኩላሊትንና ልብን ጨምሮ መላ ሰውነትን ያጠቃል። ስትሮክ ግን የአንድ ሥር ክልል ጉዳት ነው፤ ከጎኑ ያለው የአንጎል ክፍል ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ነው በስትሮክ የተጎዳ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሲወለድ አልቅሶ፣ ጡት ይዞ፣ ደህና መስሎ ወደ ቤት የሚሄደው። ሁለቱ በአንድ ሕፃን ላይ ሊገናኙ ቢችሉም ሕክምናቸውም ትንበያቸውም አንድ አይደለም።

ነገሩ ያልተለመደ ይመስላል እንጂ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። በካናዳ አልበርታ ግዛት ልጆችን ለረጅም ዓመታት መዝግቦ የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ጊዜያቸውን ጠብቀው ከተወለዱ 1,100 ገደማ ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚደርስ አሳይቷል። ቀደም ያሉ ግምቶች ከዚህ ያነሱ ነበሩ፤ ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት የምርመራ መሣሪያው መሻሻልና ዘግይተው የሚታወቁት ልጆች መቆጠራቸው ነው። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። በአልበርታው ስሌት ብቻ እንኳ ቢታሰብ፣ በየዓመቱ ከ2,700 በላይ ልጆች ማለት ነው። ስሌቱ የሌላ አገር ነው፤ ኢንፌክሽንና የተራዘመ ምጥ በሚበዛበት አገር ቁጥሩ ያንሳል ብሎ ለማሰብ ግን ምክንያት የለም።

ደም ለመርጋት የሚዘጋጅበት ሳምንት

አንድ ሰው ከተፀነሰ እስከ አሥራዎቹ ዕድሜ ድረስ ለስትሮክ በጣም የሚጋለጠው በተወለደበት ሳምንት ነው። ለምን ያ ሳምንት ተመረጠ?

መልሱ የሚጀምረው ከእናት ደም ነው። እንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ የሚቀረው ቁስል ሰፊ ነው፤ ደሙ ቶሎ ካልረጋ እናት ደም ፈሷት ልትሞት ትችላለች። ሰውነት ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ይጨምራሉ፣ መርጋትን ከሚገቱት አንዳንዶቹ ይቀንሳሉ። ለእናቲቱ ሕይወት አድን የሆነው ይህ ዝግጅት በሌላ በኩል በማይፈለግበት ቦታም ደም እንዲረጋ በር ይከፍታል። ሕፃኑም የራሱ ሁኔታ አለው። የአራስ ደም ቀይ ሕዋስ የበዛበት ወፍራም ደም ነው፤ መርጋትን የሚገቱት ተፈጥሯዊ ፕሮቲኖችም ገና አልደረሱለትም።

በሁለቱ መካከል ያለው እንግዴ ልጅ ነው። የእናትና የልጅ ደም ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን የሚተላለፉበት፣ ፍሰቱ ዝግ ያለ አካል ነው። ዝግ ያለ ፍሰት ባለበት፣ በተለይም ኢንፌክሽን ወይም የደም ግፊት ሥሮቹን ከጎዳቸው፣ ደም ይረጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ነው ዋናው። በአዋቂ ሰው እግር ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ሲሄድ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ገብቶ ወደ ሳንባ ይላካል፤ ሳንባ እንደ ወንፊት ያስቀረዋል። ሳንባው ይጎዳል፣ አንጎል ግን ይተርፋል። ፅንስ ግን በሳንባው አይተነፍስም። ስለዚህ ደሙ ሳንባን የሚዘልበት መንገድ አለው፤ በልቡ የላይኛው ቀኝና ግራ ክፍሎች መካከል ፎራሜን ኦቫሌ የሚባል ክፍት በር አለ። ከእንግዴ ልጁ የተነቀለ ቅንጣት በእትብት ገብቶ፣ ጉበትን አልፎ፣ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይደርሳል፤ በዚያች በር ወደ ግራ ይሻገራል፤ ከልብ ሲወጣ የሚያገኘው ወደ አንገትና ወደ አንጎል የሚወጡትን ሥሮች ነው። የሚያስቀረው ወንፊት የለም። በሩ ከተወለደ በኋላም ወዲያው ስለማይደፈን አደጋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀጥላል።

ቅንጣቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በግራው መካከለኛ የአንጎል ደም ወሳጅ ላይ ነው። የግራው አንጎል የሚያዘው ቀኝ እጅን ነው። ይህን ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የእንግዴ ልጅ ሚና አሳማኝ ቢሆንም በእያንዳንዱ ሕፃን ላይ ማረጋገጥ ከባድ ነው። ሕፃኑ የመጀመሪያውን ምልክት የሚያሳየው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ እንግዴ ልጁ ወይ በጤና ተቋሙ ተወግዷል፣ ወይ ቤተሰብ ወስዶ ቀብሮታል። በላብራቶሪ ሊታይ የሚገባው ማስረጃ ማንም ሳያየው ያልፋል። አራሱ ከታመመ ወይም እናቲቱ ምጥ ላይ ካተኮሰች፣ እንግዴ ልጁን ለጥቂት ቀናት አቆይቶ መመርመር በብዙ አገሮች የፓቶሎጂ ባለሙያዎች የሚመከረው ለዚህ ነው።

አጋላጭ ሁኔታ ምክንያት ማለት አይደለም

በሕክምና ቋንቋ «ሪስክ ፋክተር» የሚባለው በአማርኛ አጋላጭ ሁኔታ ልንለው የምንችለው ነው። አንድ ነገር በታመሙት ላይ ካልታመሙት ይልቅ በብዛት ከታየ አጋላጭ ይባላል። ያመጣው እሱ ነው ማለት ግን አይደለም። የበኩር ልጅ መሆንን እንውሰድ። በብዙ ጥናቶች ውስጥ በስትሮክ ከተጎዱ አራሶች መካከል የበኩር ልጆች ይበዛሉ። የመጀመሪያ ምጥ ይረዝማል፤ የእርግዝና ደም ግፊትም በመጀመሪያ እርግዝና ይበዛል። እንግዲህ በኩርነት በራሱ ሳይሆን ከኋላው የሚጎትታቸው ነገሮች ናቸው የሚያጋልጡት። ቁጥሩንም በመጠኑ ማየት ያስፈልጋል። በደም ወሳጅ መዘጋት የሚመጣው ዓይነት ከ3,000 ገደማ ሕፃናት በአንዱ ላይ የሚታይ ነው። አንድ ሁኔታ አደጋውን እጥፍ ያደርገዋል ቢባል እንኳ ከ3,000ው 2,998ቱ ምንም አይሆኑም።

በእናት በኩል ደጋግሞ የሚጠቀሰው ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፤ ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ፕሮቲን በሽንት የሚወጣበት፣ አንዳንዴም ጉበትና ኩላሊትን የሚነካ ሕመም። ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄዱትን ሥሮች ያጠብባል። ቀጥሎ የእንሽርት ውሃ ከረጢት ኢንፌክሽን ይመጣል። ውሃው ፈሶ ምጥ ሳይመጣ ወይም ሳይጠናቀቅ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ጀርም ወደ ውስጥ ይገባል፤ እናት ታተኩሳለች፣ የፅንሱ ልብ ምት ይፈጥናል። ኢንፌክሽን በራሱ ደም የማርጋት ባሕርይ ስላለው እዚህ ላይ ያለው ትስስር ከሌሎቹ ይልቅ ጠንካራ ነው ማለት ይቻላል። በሰሜን ካሊፎርኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሰፊ ጥናት ፕሪኤክላምፕሲያን፣ የውሃውን ቀድሞ ፈሶ መቆየት፣ ይህን ኢንፌክሽንና ቀደም ሲል ለመፀነስ መቸገርን ለየብቻቸው ከስትሮክ ጋር የተያያዙ ሆነው አግኝቷቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ግን እነዚህ ሁኔታዎች በአንድ እናት ላይ ሲደራረቡ አደጋው በጣም መጨመሩ ነው። አንዱ ብቻውን ብዙም አይጎዳም፤ ሲገናኙ ነው የሚከፋው።

ከሕፃኑ ወገን ደግሞ አብሮት የተወለደ የልብ ችግር አለ፤ በተለይ የተበላሸ የልብ አፈጣጠር ያላቸው ሕፃናት ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ይጋለጣሉ። ማጅራት ገትርና የደም ኢንፌክሽን፣ ከልክ በላይ የወፈረ ደም፣ የደም ስኳር መውረድም አሉ። በማህፀን ውስጥ በሚገባ ያላደጉ ሕፃናትም እንዲሁ። ወንዶች ከሴቶች በመጠኑ ይበዛሉ።

የሰውነት ውሃ ማጣት በተለይ ለደም መላሽ ሥሮች መርጋት የሚጠቀስ ነው፤ ይህ ከእኛው ቤት ልማድ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ስላለው ቆም ማለት ያስፈልገዋል። እንገሩ ቢጫ ስለሆነ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ የሚታለብበትና የሚደፋበት፣ ወተቱ እስኪመጣ ለአራሱ ቅቤ የሚያስውጡበት ወይም ውሃ በስኳር የሚሰጡበት ቦታ ዛሬም አለ። ትልልቆቹ ይህን የሚያደርጉት ለልጁ አስበው ነው። ሕፃኑ ግን በእነዚያ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚያገኘው ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል። እንገሩን መድፋት ብቻውን ስትሮክ አያመጣም። ነገር ግን ደሙ በወፈረበት፣ ሰውነቱ በደከመበት ሳምንት ላይ የሚጨመር ሸክም ነው፤ ደግሞም ከሁሉም አጋላጭ ሁኔታዎች በነጻ ሊወገድ የሚችል ነው።

የ160 ዓመት ክርክር፦ ምጡ ወይስ ከምጡ በፊት?

«አዋላጇ ጎትታው ነው» የሚለው ሐሳብ የመንደር ወሬ ብቻ አይደለም፤ በሕክምና ታሪክም ትልቅ ስፍራ ነበረው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል እ.ኤ.አ. በ1861 ለለንደን የወሊድ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጥናት፣ ዛሬ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው የልጆች የእንቅስቃሴ ችግር ከአስቸጋሪ ወሊድ የሚመጣ ነው ብሎ ተከራከረ። በኋላ በሥነ ልቦና የታወቀው ሲግመንድ ፍሮይድ፣ ያኔ የነርቭ ሐኪም ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ነገሩን ገለበጠው፦ አስቸጋሪው ወሊድ ራሱ ቀድሞ በማህፀን የተጀመረ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል አለ። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም፤ ስትሮክን በተመለከተ ግን ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ።

ለሊትል ወገን የሚመሰክረው፣ የተራዘመ የመግፊያ ጊዜ፣ በቫኪዩም (የሕፃኑን ጭንቅላት ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ) መወለድ፣ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የልብ ምት መዛባት በተጎዱት ሕፃናት ታሪክ ውስጥ በብዛት መገኘታቸው ነው። ለፍሮይድ ወገን የሚመሰክረው ደግሞ በቀጠሮ በቀዶ ሕክምና፣ ምጥ የሚባል ነገር ሳያዩ በተወለዱ ሕፃናትም ላይ ስትሮክ መገኘቱ ነው። በአንዳንዶቹም ጉዳቱ ከወሊድ ብዙ ሳምንታት በፊት እንደደረሰ በምስል ይታያል፤ ለምሳሌ ከ34ኛው ሳምንት በፊት ባልበሰለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ደም ፈሶ በአጠገቡ ያሉትን ደም መላሽ ሥሮች ሲጫን የሚፈጠረው ጉዳት ገና ማንም አዋላጅ ሳይነካው የሆነ ነው።

ቫኪዩምን ያስጠራው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጭንቅላቱ ያልወረደ፣ የልብ ምቱ የወረደ፣ ምጡ የረዘመ ሕፃን ነው በቫኪዩም የሚወጣው። ጉዳቱን ያመጣው መሣሪያው ነው ወይስ መሣሪያውን ያስመጣው ችግር? በምጥ ማፋጠኛ መርፌ ላይ የሚነሳውም ጥያቄ ይኸው ነው። እንደ እኔ ግምት ማስረጃው የሚያዘነብለው ወደ መካከለኛው አስተያየት ነው። አብዛኛው ዝግጅት ቀድሞ የተጠናቀቀ ነው፤ ምጥ አንዳንዴ የመጨረሻውን ግፊት ይጨምርበታል።

ከዚህ ሁለት ስሕተቶች ሊወለዱ ይችላሉ። አንዱ «እንግዲያውስ ሁሉም በኦፕሬሽን ይወለድ» ማለት ነው፤ ቀዶ ሕክምና ይህን ስትሮክ እንደሚያስቀር የሚያሳይ ማስረጃ የለም፣ ለእናት ግን የራሱ አደጋ አለው። ሌላው በዚህ ክርክር ተሸሽጎ ለቸልተኝነት ማመካኛ መፈለግ ነው። አንዲት እናት ቀንና ሌሊት ስታምጥ የፅንሱ የልብ ምት ሳይደመጥ ከቀረ፣ ትኩሳቷ ሳይለካ ከዋለ፣ ያ ስትሮክን አመጣም አላመጣም ጥፋት ነው፤ መጠየቅም አለበት።

በዘር የሚመጣ የመርጋት ዝንባሌስ?

ብዙ ቤተሰቦች ውድ የደም ምርመራ ይታዘዝላቸዋል፤ ፋክተር ፋይቭ ላይደን የሚባለውን የመሳሰሉ፣ ደም ቶሎ እንዲረጋ የሚያደርጉ የዘር ለውጦችን ለመፈለግ። ቀደም ሲል ለእነዚህ ትልቅ ቦታ ይሰጥ ነበር። በአልበርታ የተጎዱ ልጆችን ከጤነኞች ጋር ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ ከዚያ ወዲህ ምርመራውን ለሁሉም ልጅ ማዘዝ ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። ፋክተር ፋይቭ ላይደን ደግሞ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ሆኖ ከሰሃራ በታች ባሉ አፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም አይገኝም። በቤተሰቡ ውስጥ በለጋ ዕድሜ ደም የረጋባቸው ሰዎች ካሉ ምርመራው ትርጉም አለው። ከዚያ ውጪ ያን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ ማዋል ይሻላል።

ደም ሲፈስ፦ የቫይታሚን ኬ ጉዳይ

ከሦስቱ መልኮች መከላከል በእጃችን ላይ ያለው ይኸኛው ነው። ደም እንዲረጋ ጉበት ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል፤ ይህ ቫይታሚን በእንግዴ ልጅ በኩል በጥቂቱ ብቻ ይተላለፋል፣ በጡት ወተትም ውስጥ አነስተኛ ነው። ስለዚህ አራስ ሁሉ ጎደሎ ሆኖ ይወለዳል። ጭኑ ላይ የሚወጋው 1 ሚሊግራም መርፌ የሚሰጠው ለዚህ ነው። በቤት የተወለደ ሕፃን አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የኢትዮጵያ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት 48 በመቶ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተወለዱት መርፌው በሌለበት ነው።

ያልተወጋ ሕፃን በመጀመሪያው ሳምንት ከእትብቱ ሊደማ ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የሚመጣው ዘግይቶ የሚታይ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ በቀጥታ አንጎል ውስጥ ነው የሚፈሰው። ይህ ጊዜ 28 ቀኑን ያልፋል፤ ምንጩ ግን የወሊዱ ቀን ላይ ያለ ክፍተት ነው።

ለአገራችን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። እናቲቱ በእርግዝናዋ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን፣ አለዚያም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ትወስድ ከነበረ፣ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሊደማ ይችላል። መድኃኒቱን በራስዋ ማቆም የለባትም፤ ማቆሙ ከሁሉ የከፋ ነው። ለአዋላጇ መንገርና በጤና ተቋም መውለድ ነው ያለባት።

በሦስተኛው ቀንና በስድስተኛው ወር

አራስ ሲያንዘፈዝፈው እንደ ትልቅ ሰው አይወድቅም፣ አረፋም አይደፍቅም። አንድ እጁ ወይም አንድ እግሩ ብቻ እኩል በሆነ ምት ሲርገበገብ ይታያል። የብርድ ወይም የድንጋጤ መንቀጥቀጥ እጁን ሲይዙት ያቆማል፤ ይህ ግን በመዳፍ ውስጥ ተይዞም ይመታል። አንዳንዴ ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ይቀራል፣ ከንፈሩን ያለማቋረጥ ያላምጣል፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ ይጠቁራል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚመጣ ነው፤ እናት ግን በወለደች በ24 ሰዓት ወደ ቤት ስለምትመለስ ምልክቱ የሚታየው ቤት ነው። «ምች መታው» ወይም «ዓይነ ጥላ ነው» ተብሎ በጭስ ከሚታጠን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ቢወሰድ መንቀጥቀጡ ይቆምለታል፤ ኢንፌክሽንና የስኳር መውረድ ካለም ቶሎ ይታከማል። ለዚህ የጸበሉን መንገድ መተው አያስፈልግም፤ ሁለቱ አይጣሉም፤ ሰዓቱ ነው የማይጠብቀው።

ምርመራውን በእርግጠኝነት የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። በእርግብግቢቱ በኩል የሚደረገው የራስ አልትራሳውንድ በየሆስፒታሉ ያለና የደም መፍሰስን በደንብ የሚያሳይ ቢሆንም፣ በላይኛው የአንጎል ክፍል ላይ ያለን ስትሮክ ብዙ ጊዜ አያየውም። «አልትራሳውንዱ ነጻ ነው» ሲባል ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። ኤምአርአይ ጥቂት ከተሞች ላይ ብቻ በሆነበት አገር ብዙ ልጆች ስማቸው ያልታወቀ ጉዳት ይዘው ያድጋሉ።

ከተጎዱት ውስጥ ሰፊ ክፍል የሚሆኑት ደግሞ በአራስነታቸው ምንም ምልክት አያሳዩም። የሚታወቁት ከአራት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ፣ እጃቸውን ዘርግተው መያዝ ሲጀምሩ ነው። ሕፃኑ የእናቱን ነጠላ ጥለት ሲያይ ሁልጊዜ ግራ እጁን ይዘረጋል። ነጠላው በቀኝ ጎኑ ቢሆን እንኳ ግራውን አሻግሮ ነው የሚይዘው። ቀኙ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ እንደተጨበጠ ይቀራል፤ እጅጌ ሲያለብሱት ያ ክንድ ጠንከር ይላል። አያት አይተው «ግራኝ ነው፤ አባቱን ወጥቶ ነው» ይላሉ፤ ቤቱም ይስቃል። ነገር ግን ልጅ አንድ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ አይመርጥም። ከዓመት በፊት የታየ ግራኝነት፣ ወይም ቀኝ እጅን ብቻ መጠቀም፣ ሌላኛው እጅ ደክሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። በጊዜያቸው ከተወለዱ ልጆች መካከል የአንድ ጎን ሴሬብራል ፓልሲ ዋናው መነሻ ይኸው ስትሮክ ነው።

በአገራችን ግራ እጅን ነውር አድርጎ ማየትም አብሮ አለ። ልጁ በግራው ሲበላ እጁን የሚመቱ፣ የሚያስሩም አሉ። የሚገርመው፣ በሕክምናውም ጤነኛውን እጅ ለጊዜው በጓንት ወይም በጨርቅ ሸፍኖ ደካማውን የሚያለማምድ ዘዴ አለ፤ ውጤቱም በጥናት የተረጋገጠ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሕክምናው ባለሙያ በወሰነው ሰዓትና መጠን፣ በጨዋታ መልክ የሚሰጥ ነው። ያለ ምርመራ የሚደረገው ማሰር ግን ልጁ ያለውን ብቸኛ እጅ መንጠቅ ነው።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው ለአዋቂዎች የሚሰጥ መድኃኒት ለአራስ አይሰጥም፤ ደም ማቅጠኛም የልብ ችግር ላለባቸውና ለአንዳንድ የደም መላሽ መርጋቶች ካልሆነ በቀር አይታዘዝም። በኔዘርላንድስ ግንድ ሕዋሳትን በአፍንጫ ጠብታ የመስጠት ሙከራ በ10 አራሶች ላይ ተደርጎ ዘዴው ሊሠራበት እንደሚችልና ከባድ ጉዳት እንዳላመጣ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቧል፤ ማዳኑ ግን ገና አልተረጋገጠም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ትልቁ ሕክምና ልምምድ ነው፤ የሚያግዘውም የሕፃን አንጎል አዲስ መንገድ የመቅደድ ችሎታው ነው። በአዋቂ ላይ የግራ አንጎል ስትሮክ ንግግርን ሲወስድ፣ በአራስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የቀኙ ክፍል ሥራውን ተረክቦ ልጁ አፉን ይፈታል። በአራስነታቸው በደም ወሳጅ መዘጋት ከታወቁት መካከል ሴሬብራል ፓልሲ የሚከተላቸው ወደ ሲሶ ገደማ ናቸው። ዘግይተው ከታወቁት መካከል ይህ ቁጥር እጅግ ከፍ ይላል፤ የተገኙት ችግሩ ስለታየባቸው ነውና ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ማነጻጸር ያሳስታል።

በአሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች ልጃቸው ሦስት ዓመት ሳይሞላው በመንግሥት ፕሮግራም የእድገት ግምገማ ያለ ክፍያ የማስደረግ መብት አላቸው። በእስራኤል ያሉት ይህን ጥያቄ ለጢፓት ሀላቭ (የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ) ነርስ ማንሳት ይችላሉ። አገር ቤት ያሉት ለክትባት በሚሄዱበት ቀን «እጁን እዩልኝ» ማለት ይችላሉ፤ ክትባቱ በሚሰጥበት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ከሁሉ በላይ ግን በዘጠነኛው ወር የኩፍኝ ክትባት ላይ።

ቀጣዩ እርግዝና

አንድ ልጃቸው የተጎዳባቸው ወላጆች ሁለተኛ ለመውለድ ይፈራሉ። በተጎዳው ልጅ ላይ ስትሮኩ የመደገሙ ዕድል፣ ከባድ የልብ ችግር ከሌለበት፣ በጣም አነስተኛ ነው፤ በሚቀጥለው ልጅ ላይ የመድረሱም እንዲሁ። ያን ሳምንት አደገኛ ያደረጉት የደም፣ የእንግዴ ልጅና የምጥ ግጥጥሞሽ ዳግም አንድ ላይ መምጣታቸው ብርቅ ነው። ደም በመፍሰስ የመጣ ከሆነና በቤተሰቡ ውስጥ ተመሳሳይ ታሪክ ካለ ግን ኮል ፎር ኤ ዋን (COL4A1) በሚባለው ዘረ መል ላይ እንደሚታዩት ያሉ የዘር ለውጦች ሊኖሩ ስለሚችሉ ቀድሞ መማከር ይገባል።

ሊደገም የሚችለው፣ ሊታከምም የሚችለው፣ የእናቲቱ ሁኔታ ነው። ቀደም ሲል ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት እናት ከ20ኛው ሳምንት በፊት በሐኪም ትእዛዝ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን መጀመሯ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉን ይቀንሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። ውሃዋ ምጥ ሳይመጣ ከፈሰሰ እስኪመጣ ቤት መጠበቅ የለባትም፤ የፈሰሰበትን ሰዓት ይዛ መሄድ አለባት፤ የአዋላጇ ውሳኔ የሚመሠረተው በዚያ ሰዓት ላይ ነውና። የመጀመሪያው ልጅ ምን እንደደረሰበት፣ ትኩሳት ነበረ ወይ፣ ምጡ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ እነዚህ በእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ቢጻፉ፣ ምጥ በመጣ ሌሊት ተረኛ የሆነው ባለሙያ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።